የሯጩ ሥዕልና የሯጩ ድርሻ

ስለ ስፖርት ፎቶግራፍ ኅትመት ንግድ

በአዲስ አበባ ከተማ ወደሚገኙት ቡና ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና ፀጉር ቤቶች ገብቶ ግድግዳውን የተመለከተ ሰው የሯጮቻችንን ሥዕል ሳያይ አይወጣም ቢባል ብዙ የተጋነነ አይሆንም። በአንዱ ዘንድ ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ በሌላው ዘንድ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፈገግ ብሎ እጁን ሲያነሣ፣ በሦስተኛው ዘንድ ደግሞ ደራርቱ ቱሉ ወይም ጥሩነሽ ዲባባ ሰንደቅ ዓላማ ለብሰው ይታያሉ። ከእነዚህ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከመንገድ ላይ ወይም ከገበያ በርካሽ የተገዙ፣ ማን እንዳነሣቸው ያልተጻፈባቸው፣ ፀሐይ ያጠቃቸውና ቀለማቸው ሁሉ ወደ ሰማያዊነት ያዘነበለ ወረቀቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሰው ይገዛቸዋል፤ ይሰቅላቸዋል፤ ሲቀደዱም ሌላ ይፈልጋል። ነጋዴ የሆነ ሰው ከዚህ የሚረዳው ገበያው ያለ መሆኑን ነው፤ ያልተደራጀው ዕቃው ነው።

ከዚህ ገበያ ማን ምን ያገኛል ብሎ የጠየቀ ግን መልሱን በቀላሉ አያገኝም። አታሚው የወረቀቱንና የቀለሙን ዋጋ ይቀበላል፤ ሻጩ ጥቂት ትርፍ ይይዛል። ፎቶግራፉን ያነሣው ባለሙያ ስሙ እንኳ አይታወቅም። መልኩ፣ ላቡና ድሉ በወረቀቱ ላይ ያለው ስፖርተኛስ? ምንም አያገኝም።

በሌሎች አገሮች የስፖርት ፎቶግራፍ ከጋዜጣ ገጽ ወጥቶ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ መሸጥ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ፎቶግራፉ በመልካም ወረቀት ላይ በጥቂት ቅጅ ብቻ ይታተማል፤ እያንዳንዱ ቅጅ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባነሣው ሰው እጅ፣ ሲቻልም በስፖርተኛው እጅ ይፈረማል፤ ውሉ በደንብ ሲጻፍም ከሽያጩ ለስፖርተኛው ወይም እርሱ ለመረጣቸው ወጣቶች የተወሰነ ድርሻ ይከፈላል። ይህን ሥራ በአገራችን ለማቋቋም ፎቶግራፍ አንሺ አልጠፋም፤ ሯጭም አልጠፋም። የጎደለው በመካከል ሆኖ ውሉን የሚጽፍ፣ ሒሳቡን የሚይዝ፣ ዕቃውን ለገዢ የሚያደርስ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚመለከተው የስፖርት ወዳጆችን ብቻ ሳይሆን የዚህን ጋዜጣ አንባብያን ጭምር ነው።

ሁለት ተከታታይ ቀኖች

አበበ ቢቂላ በሮማ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የሩጫው መነሻ ካምፒዶልዮ፣ መድረሻው የቆንስጠንጢኖስ ቅስት ነበረ፤ ከመንገዱም ከፊሉ በጥንታዊው በአፒያ ጎዳና ላይ በችቦ ብርሃን የተሮጠ ነው። የፈጀበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበረ። በዚያ ማታ የተነሡት ፎቶግራፎች፣ በተለይም ባዶ እግሩ የሚታይባቸው፣ እስከ ዛሬ ድረስ በጋዜጣ፣ በመጽሐፍ፣ በካናቴራና በማስታወቂያ ላይ ሲባዙ ይኖራሉ።

በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በአገራችን አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽናት ጀመረ። የሁለቱ ቀኖች መከታተል የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ቢሆንም ለጉዳያችን የሚስማማ አጋጣሚ ነው። የዚህ ሕግ 27ኛው ቁጥር የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። የሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ይኸውም ሰውየው የታወቀ ሲሆን፣ በሕዝብ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲፈለግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲጠቅም፣ ወይም ሥዕሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ይዘው «ሩጫው በአደባባይ የተደረገ ነው፤ ሯጩም አገር ያወቀው ሰው ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ አያስፈልገኝም» ይላሉ። ለጋዜጣ ዜና ይህ ክርክር የጠነከረ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል አትሞ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን በዚህ መመካት አደገኛ ይመስለናል፤ ምክንያቱም 29ኛው ቁጥር ባለ ምስሉ ሽያጩ እንዲቆምለት መጠየቅ እንደሚችል፣ ዳኞችም ሻጩ በምስሉ ባገኘው ጥቅም ልክ ገንዘብ እንዲከፍል ሊያዝዙ እንደሚችሉ ይናገራል። አንድ ገጽ የፈቃድ ወረቀት አስቀድሞ ማስፈረም ርካሽ ነው፤ ሁለት መቶ ሥዕል ታትሞ ፍሬም ከገባ በኋላ መከራከር ውድ ነው።

ከተነሣው ሰው ሌላ ያነሣውም መብት አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ሥዕሉ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ያነሣው፣ የተነሣውና የሚሸጠው ሦስቱም ጥቅም አላቸው ማለት ነው። እስከ ዛሬ በገበያችን ላይ የቆየው ልማድ ለሦስተኛው ብቻ ያደላ ነው።

ከዘገየ መብት የሚመጣውን ጉዳት የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ነገሩ ስለ ስም እንጂ ስለ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት ግን ያው ነው። ቪብራም የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የእግርን ጣቶች አንድ ባንድ የሚለይ የሩጫ ጫማ «ቢኪላ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። የሻምበል አበበ ቤተሰብ በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። በ2016 ዓ.ም. ዳኛው ቤተሰቡ ነገሩን ካወቁ በኋላ ክሱን ለማቅረብ ዘግይተዋል በማለት ለኩባንያው ፈረዱ። ያን ሁሉ ዓመት ያከራከረው ነገር በመጨረሻ የተቋጨው ስሙ የማን ነው በሚለው ሳይሆን ቀኑ አለፈ በሚለው ነው።

ከዚህ የተለየ ታሪክ ያለው የቦክሰኛው የመሐመድ ዓሊ ሥዕል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 25 ቀን 1965 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሜይን ክፍለ ግዛት፣ ሉዊስተን በተባለች ከተማ ዓሊ ሶኒ ሊስተንን በመጀመሪያው ዙር ጣለው። የ22 ዓመቱ ኒል ላይፈር ዓሊ ከወደቀው ሰው በላይ ቆሞ ክንዱን አጥፎ ሲጮኽ በቀለም ፊልም አነሣው። በዚያ ሥዕል ላይ በዓሊ እግሮች መካከል አንድ ሌላ ፎቶግራፈር ይታያል፤ በዕድሜም በሙያም የላይፈር ታላቅ የነበረው ኸርብ ሻርፍማን ነው፤ ለእርሱ የደረሰው የዓሊ ጀርባ ብቻ ነበረ። የሚያስገርመው ደግሞ ላይፈር ይሠራበት የነበረው መጽሔት በዚያ ሳምንት ያን ሥዕል በሽፋኑ ላይ አላወጣውም። ዋጋው የታወቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ዛሬ ቁጥር የተሰጣቸውና የተፈረመባቸው ቅጆቹ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የፎቶግራፈሩና የቦክሰኛው ፊርማ አብሮ ያለባቸው፣ በጨረታ ቤቶች ይሸጣሉ። ዓሊ ራሱ ደግሞ ከቀለበቱ ከወጣ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስሙንና ምስሉን በንግድ የመጠቀም መብት 80 በመቶውን ለአንድ ኩባንያ በ50 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ጉልበቱ ካለቀ በኋላም ምስሉ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ሊገኝ የቻለው ግን መብቱ በጽሑፍ ተለይቶ ሊሸጥ የሚችል ስለ ነበረ ነው።

ስለ ዕቃው

ነጋዴ የማያውቀውን ዕቃ መሸጥ የለበትምና ስለ ፎቶግራፉ ጥቂት እንበል።

በስፖርት ፎቶግራፍ ብልሃት ሁሉ ከጊዜ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። አበበ በሮማ የሮጠበት ፍጥነት ሲሰላ በሰከንድ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የካሜራው መክደኛ ለአንድ ስድሳኛ ሰከንድ ቢከፈት ሯጩ በዚያች ቅጽበት ወደ 9 ሳንቲሜትር ይጓዛል፤ ሥዕሉም ይደበዝዛል። ለአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ቢከፈት ግን የሚጓዘው ግማሽ ሳንቲሜትር ነው፤ የላቡ ነጠብጣብ እንኳ ተለይቶ ይታያል። በሲድኒ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ሲቈጠር በ9 ብቻ ነው። ያን ቅጽበት ለመያዝ ሌንሱን ከመስመሩ ላይ አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አንሺው ዐይኑን ከጨፈነ ሩጫው አይደገምለትም።

ነገር ግን ለግድግዳ የሚሆነው ሥዕል የድሉ ቅጽበት ነው ብሎ ማሰብ በእኛ አስተያየት ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ከትልልቅ ውድድሮች የሚነሡት ሥዕሎች አብዛኞቹ እንደ አሶሺየትድ ፕሬስና እንደ ጌቲ ኢሜጅስ ያሉ ድርጅቶች ንብረት ናቸው፤ ያለ ፈቃዳቸውና ያለ ክፍያ አይታተሙም። ሁለተኛ፣ በሯጩ ደረት ላይ የጫማው ኩባንያ፣ የውድድሩና የባንኩ ምልክት ተደራርቦ ሥዕሉን የሰው ማስታወቂያ ያደርገዋል። የኦሊምፒክ አምስት ቀለበቶች ካሉበት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ እነርሱን የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ውል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ተፈርሟል።

ለነጋዴም፣ ለአንሺውም፣ ለሯጩም የሚበጀው የልምምዱ ሥዕል ነው። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ገና ጎሕ ሲቀድ ጭጋጉን ሰንጥቀው የሚወጡት ሯጮች፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ከከብቶች ጎን የሚያልፉት ልጃገረዶች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው በበቆጂ የአፈር ሜዳ ላይ አቧራ የሚያስነሡት ልጆች ለዐይን የሚሰለቹ አይደሉም። ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል፤ የከተማዋ ስም ብቻ በውጭ አገር ገዢ ያስቆማል። እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚያነሣው የአገራችን ባለሙያ ነው፤ መብቱም የእርሱ ነው፤ ሯጩም በዚያው ቀን በሜዳው ላይ ተገኝቶ ፈቃዱን ሊፈርም ይችላል። ባለሙያ በኩልም አገራችን አልደኸየችም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ሲያነሣ የነበረው የአርመናዊው የቦያጅያን ቤተሰብ በፒያሳ የከፈተው የፎቶግራፍ ቤት ዝና በሽማግሌዎች ዘንድ አልተረሳም፤ በእኛም ዘመን አይዳ ሙሉነህ በ2010 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቋቋመችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገራችን ፎቶግራፍ በሥነ ጥበብነቱ ሊታይና ሊሸጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ወደ ኅትመቱ ስንመጣ፣ የመንገድ ላዩ ፖስተር በሁለት ዓመት የሚጠፋው ወረቀቱ ከእንጨት ልቃቂት የተሠራና አሲድ ያለበት፣ ቀለሙም ብርሃን የማይችል በመሆኑ ነው። ለሥነ ጥበብ የሚሆነው ኅትመት ከጥጥ በተሠራና አሲድ በሌለበት ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም የሚታተመው ነው። እነዚህ ሁለቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ለአስመጪዎቻችን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የፋይሉም መጠን መታየት አለበት። ኤ3 የተባለውን የወረቀት መጠን በ300 ነጥብ ጥራት ለማተም 3,508 በ4,961 ነጥብ፣ ይኸውም 17 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ ይህን አሳምሮ ይችላል። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ሥዕል ግን በስልክ ላይ ቢያምርም በወረቀት ላይ እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአንሺው መጠየቅ የሚገባው ዋናው ፋይል ነው።

ፍሬም ሠሪዎቻችን እጅግ የሠለጠኑ ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ማሳሰብ ያስፈልጋል። መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካው በመካከል አሲድ የሌለበት ካርቶን በአራቱም ጎን ይግባ፤ አለዚያ በክረምት እርጥበት ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ይላጣል።

ስለ ድርሻው

ዋናው ነገር ይህ ነው። «ከሽያጩ ለስፖርት ድጋፍ ይውላል» የሚል ጽሑፍ በብዙ ዕቃ ላይ ይለጠፋል፤ ስንት፣ ለማን፣ መቼ እንደሆነ ግን አይነገርም። እንዲህ ያለው ቃል ገዢውን የሚያባብል እንጂ የሚያስተማምን አይደለም።

በመጀመሪያ «ለስፖርት» እና «ለስፖርተኛው» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይታወቅ። ለ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ታዋቂ ሠዓሊዎች፣ ከእነርሱም መካከል አሜሪካዊው ጄኮብ ሎሬንስ፣ ፖስተሮችን ሠርተው ነበር፤ ተራው ፖስተር ለብዙኃን፣ የተፈረመበትና ቁጥር ያለው ቅጅ ለሰብሳቢዎች ተሸጠ። ሎሬንስ የሣለው ዱላ ይዘው የሚሮጡ ጥቁር ሯጮችን ነበረ። አሠራሩ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ የሽያጩ ዓላማ ግን የጨዋታዎቹን ወጪ ማገዝ ነበረ እንጂ የሯጮቹን ኪስ አልነበረም። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም፤ ገዢው ግን የትኛውን እንደሚደግፍ ሊነገረው ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ድርሻው ከምን ላይ ይቈረጣል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ «ከትርፉ ይህን ያህል በመቶ» ይባላል። ይህ አነጋገር የሚያታልል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሥዕል፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይታሰብ፣ በ6,000 ብር ተሸጠ እንበል። ነጋዴው ለወረቀትና ለኅትመት 1,400፣ ለፍሬም 1,600፣ ለሱቅ ኪራይ 900፣ ለማስታወቂያና ለማጓጓዣ 800፣ ለፎቶግራፍ አንሺው 900 ብር ቢይዝ ወጪው 5,600 ይሆናል፤ ትርፉ 400 ብር ነው። ውሉ «ከትርፉ 20 በመቶ ለሯጩ» የሚል ከሆነ ሯጩ የሚያገኘው 80 ብር ነው። ለ6,000 ብር ሥዕል 80 ብር! የኪራዩ ሒሳብ ትንሽ ከፍ ቢል ደግሞ እርሷም ትጠፋለች፤ ሯጩም የነጋዴውን የወጪ መዝገብ ሊመረምር አይችልም።

ውሉ «ከመሸጫው ዋጋ 10 በመቶ» ቢል ግን ድርሻው 600 ብር ነው፤ ማንም ሊያሰላው ይችላል። ታዲያ ነጋዴው 200 ብር ከሰረ ማለት ነውን? አዎን፣ ዋጋውን ሳያስብ ከቈረጠ ይከስራል። ስለዚህ የሯጩ ድርሻ እንደ ወረቀቱና እንደ መስታወቱ ከመጀመሪያው በወጪ ውስጥ መግባት አለበት። ዋጋው 7,000 ብር ቢሆን ከ5,600 ወጪ በላይ ለሯጩ 700፣ ለነጋዴውም 700 ብር ይደርሳል። ገዢውስ ይህን ጭማሪ ይከፍላልን? በጀርባው ላይ «ከዚህ ሥዕል 700 ብር ለሯጩ ተከፍሏል» የሚል ጽሑፍና የሯጩ ፊርማ ካለበት፣ የሆቴል ባለቤት ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ለዚያ ጽሑፍ ሲል የሚገዛ ይመስለናል። ያ ጽሑፍ ከዕቃው አንድ ክፍል ነው።

ገንዘቡ መቼ ይከፈላል የሚለውም በውሉ ይግባ። ሥዕሎች በሆቴልና በቡና ቤት በአደራ ሲቀመጡ ሽያጩ ወራት ይፈጃል፤ ሯጩ ግን ጫማ የሚያስፈልገው ዛሬ ነው። በየሦስት ወሩ መዝገቡን ዘግቶ መክፈል፣ ቢቻልም ገና ሲታተም የጥቂት ቅጆችን ድርሻ በቅድሚያ መስጠት መልካም ነው።

ስለ ጫማ ካነሣን፣ ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ በዚያን ጊዜ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትይዝ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የሆነ፣ ለአንድ ማራቶን ያህል ብቻ እንዲያገለግል የተሠራ ነው። እርሷ ኩባንያው ያለብሳታል። በሱሉልታ ቤት ተከራይተው አንድ ጫማ እስኪበሳ የሚሮጡት፣ ስማቸው ገና በጋዜጣ ያልወጣ ወጣቶች ግን የሚያለብሳቸው የለም። የታወቀው ሯጭ ድርሻውን ራሱ መቀበል ካልፈለገ በስሙ ለእነዚህ እንዲከፈል በውሉ ላይ መጻፍ ይችላል፤ እንዲህም ሲሆን የተቀባዮቹ ስምና የተቀበሉት ገንዘብ በመዝገብ ይያዝ።

ውሉን ከመፈረም በፊት ጥቂት ነገሮች መጣራት አለባቸው። ሯጩ ከጫማ ኩባንያ ወይም ከወኪሉ ጋር በተዋዋለው ውል ምስሉን አስቀድሞ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ካልተጠየቀ የተፈረመው ፈቃድ ዋጋ የለውም። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ከሆነ ሞግዚቱ መፈረም አለበት። በሥዕሉ ላይ ሁለት ሰዎች ካሉ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ ካሸነፈች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ማየር ጋር ሆና ሜዳውን የዞረችበትን ሥዕል ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ሁለቱንም ሴቶች፣ ሥዕሉን ያነሣውንም ባለ መብት መጠየቅ አለበት። ይህ ሁሉ ሲታሰብ የበቆጂው የአፈር ሜዳ ሥዕል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይታያል።

ወደ ውጭ ለሚልኩ

ላኪዎቻችን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም 30 ነው። በአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ አንድ ፎቶግራፍ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ የሚቈጠረው ያነሣው ሰው ራሱ ያተመው ወይም በእርሱ ቁጥጥር የታተመ፣ የተፈረመበትና ቁጥር የተሰጠው፣ በማናቸውም መጠንና አቀራረብ ተደምሮ ከ30 ቅጅ ያልበለጠ ሲሆን ነው። «ተደምሮ» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ በትልቅ ወረቀት 30፣ በትንሽ ወረቀት ደግሞ ሌላ 30 ማተም አይሆንም። ከዚህ ቁጥር ያለፈ ሥዕል ሊሸጥ ይችላል፤ የሚስተናገደው ግን እንደ ተራ ኅትመት ነው። በጉምሩክ ታሪፍ በኩል የታተሙ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች በአንቀጽ 4911 ይገባሉ፤ ለብቻው የሚላክ የእንጨት ፍሬም በ4414 ይገባል። ፎቶግራፍን በ9702 ሥር፣ ማለት በእጅ ከተቀረጸ ሰሌዳ ከሚታተሙ ሥዕሎች ጋር፣ ማስመዝገብ ክርክር ያመጣል።

መስታወትና ፍሬም ወደ ውጭ ባይላክ ይመረጣል፤ ይከብዳል፣ ይሰበራል። ሥዕሉ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ በጠንካራ የካርቶን ቧንቧ ቢላክ ገዢው እዚያው ያስከፍፈዋል። ገዢውም ሩቅ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽናቸውን ካቋቋሙበት ከ1984 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጀምሮ በየክረምቱ ለእግር ኳስ ውድድር ይሰበሰባሉ፤ በስብሰባው ዙሪያ የሚቆመውን የንግድ ድንኳን ያየ ሰው በርበሬና የሐበሻ ቀሚስ ከሚሸጥበት ጎን የበቆጂ ሯጮች ሥዕል የማይሸጥበት ምክንያት አይታየውም።

የቅጆቹ መዝገብ በጥንቃቄ ይያዝ፤ የትኛው ቁጥር ለማን፣ በስንት፣ በየትኛው ቀን እንደተሸጠ፣ የሯጩም ድርሻ መቼ እንደተከፈለ ይጻፍበት። ሯጩ ወይም ወኪሉ ሲጠይቅ መዝገቡ ይታያል። 30ኛው ቅጅ ከተሸጠ በኋላ ሌላ ገዢ መጥቶ የበለጠ ዋጋ እከፍላለሁ ቢል፣ መልሱ ሥዕሉ አልቋል የሚል ነው፤ ሌላ ሥዕል ሊታይለት ይችላል።